ኮሌስትሮል የሚቀንሱ ዕፅዋት፦ የትኛው ይሠራል፣ ምን ያህልስ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከቀፊራ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ድሬዳዋ ስለሚኖር አንድ የ54 ዓመት ሰው ነው። ስኳር የለበትም፣ አያጨስም፣ ልቡን ታሞ አያውቅም፤ ግፊቱ 138/86 ነው። በባዶ ሆድ የተሠራው የደም ምርመራ እንዲህ ይላል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248፣ ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል የሚባለው) 42፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 180፣ ሁሉም በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። የኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው) መስመር ባዶ ነው። ሐኪሙ አቶርቫስታቲን 20 (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ ክኒኖች አንዱ፣ 20 ሚሊ ግራም) ጽፎለታል፤ እሱ ግን መጀመሪያ ሦስት ወር በዕፅዋት ልሞክር ይላል።

ሰፈር ውስጥ የሚመከረው ብዙ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ከርከዴ። ሁሉም "ኮሌስትሮል ይጠርጋል" ይባልለታል። በእርግጥ የሚሠራው የትኛው ነው? በስንት ግራም? ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣላስ አለ? ቀን ቀን ስድስት ሲኒ የጀበና ቡና እንደሚጠጣ፣ ቤት ውስጥ የሚበስለው በረጋ ዘይት እንደሆነና ቅዳሜና እሁድ ጫት እንደሚቅም ልጨምር።

መልስ፦ ፋርማሲ ከዚራ

በቅድሚያ ባዶውን መስመር እንሙላው። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በታች ከሆነ ኤልዲኤል በስሌት ይገኛል፤ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉንና የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው። ከ248 ላይ 42 እና 36 ሲነሳ 170 ይቀራል። ከፍ ያለ ነው። 190 እና ከዚያ በላይ ቢሆን በዘር የሚወረሰው ዓይነት ይጠረጠር ነበር። እንደዚያ ቢሆን፣ ወይም ሰውየው ከዚህ በፊት ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ መትቶት ቢሆን፣ የዕፅዋት ሙከራ የሚባል ነገር አይነሳም፤ ክኒኑ ወዲያው ይጀመራል። እዚህ ላይ ግን የሦስት ወር ሙከራ ለሐኪሙ ቀርቦ ሊጠየቅ ይችላል። ለሐኪሙ ሳይነገር ማዘዣውን ኪስ ውስጥ ማስቀረት ግን ልክ አይደለም።

"ይጠርጋል" የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ቅባት የሚጠርግ ቅጠል የለም። ሥራው ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ጉበት ከኮሌስትሮል ሐሞት ይሠራል፤ ሐሞቱ ቅባት ሊያሟሟ ወደ አንጀት ይወርዳል፣ አብዛኛውም ተመልሶ ወደ ጉበት ይገባል። አንጀት ውስጥ ዝልግልግ ያለ ነገር ካገኘው ግን እዚያው ይያዝና ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኤልዲኤልን ከደም ይስባል። ስለዚህ አንድ እህል ሲመከርላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ ውሃ ሲነካው ይዝለገለጋል ወይ?

በዚህ መለኪያ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ማንም ያልጠቀሰው ገብስ ነው። ገብስና አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ዝልግልግ አሰር (ፋይበር) አለ። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ያወርዳል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን መጠን ተቀብሎ በአጃ ምግቦች ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገብስ ኋላ ተጨመረ። ሙሉ የገብስ ዱቄት ውስጥ በ100 ግራም ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ይገኛል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ከ60 እስከ 75 ግራም በሶ ነው። ሞላ ባለ የሾርባ ማንኪያ ስድስት ሰባት ይሆናል፤ የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ግን መመዘኑ ይሻላል። በሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ፣ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ። ለድሬ ሙቀትም የሚስማማ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህን ሲያደርጉ ነው፦ በሶውን በቅቤ አሽቶ ጭኮ ማድረግ፣ ወይም ገንፎውን ሠርቶ መሃሉን በቅቤ መሙላት። አንጀት ውስጥ የተገኘው ጥቅም በቅቤው ይጠፋል። ስኳር መጨመርም ትራይግሊሰራይዱን ይጎዳዋል፤ ትንሽ ጨው ወይም ሚጥሚጣ ይበቃዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ማቡካት ነው። ሊጡ ሲቦካ ቤታ ግሉካኑ ይቆራረጥና ዝልግልግነቱን ያጣል፤ ስለዚህ የገብስ እንጀራና ዳቦ የበሶና የገንፎን ያህል አይሠሩም። የተፈጨ በሶ ስትገዙ ስንዴ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከደጋ የመጣውን ገብስ ገዝቶ፣ ራስ ቆልቶ ማስፈጨት ነው የሚያዋጣው።

ተልባ ሁለተኛ ነው። በቀን 30 ግራም፣ ማለትም ሦስት ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት። ሳይፈጭ ከተበላ ፍሬው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። በውሃ መትቶ፣ አጥልሎ ውሃውን ብቻ መጠጣት የተለመደ ነው፤ ግን አሰሩና ሊግናን የሚባለው ንጥረ ነገር አተላው ላይ ይቀራል፤ አተላውም አብሮ ይጠጣ። የተልባ ዘይት አሰር ስለሌለው ለኤልዲኤል ይህን አይሠራም። የተፈጨ ተልባ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ማኖር ነው። የቀለም ቀለም ከሸተተ ይጣል።

አብሽም ይዝለገለጋል፤ ሐረር ላይ ሁልበት ሲመታ ያየ ያውቀዋል። ውጤት የታየባቸው ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ የተጠቀሙበትም መጠን ብዙ ነው፣ 25 ግራምና ከዚያ በላይ። ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ምሬቱ እንዲወጣ ውሃውን ሁለት ሦስቴ ቀይሮ፣ ፈጭቶ አረፋ እስኪያወጣ መምታት ነው። በ5 ግራም ጀምሮ በሁለት ሳምንት ወደ 15 መድረስ ይቻላል፤ በአንዴ ከተበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ላብና ሽንት አብሽ አብሽ ቢሸት ጉዳት የለውም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ (የስኳር ክኒን) የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል መጠኑን ለሐኪሙ ይንገር። ነፍሰ ጡር ከምግብ ቅመምነት አታሳልፈው። የኦቾሎኒ ወይም የሽምብራ አለርጂ ያለበትም ይጠንቀቅ፤ ቤተሰባቸው አንድ ነው።

ሦስቱም ዝልግልግ ስለሆኑ ክኒንም ይይዛሉ። በተለይ የታይሮይድ ክኒን ከሆነ ርቀቱ አራት ሰዓት ይሁን፣ ሌላውም ቢያንስ ሁለት ሰዓት።

መልስ፦ ላቦራቶሪ ሐረር

ስድስት ሲኒ የሚለውን ማንም እንዳያልፈው። የቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ከዕፅዋት የሚገኙ ሆነው ኤልዲኤልን የሚጨምሩ ናቸው። ካፌስቶል ጉበትን ከኮሌስትሮል ሐሞት መሥራቱን እንዲቀንስ ያደርገዋል፤ ከላይ ገብሱ የሚያደርገው ተብሎ የተጻፈው ሁሉ በተቃራኒው ይሆናል ማለት ነው። ነገሩ የተጠረጠረው ኖርዌይ ውስጥ ነው፦ ከትሮምሶ ከተማ የወጣውና በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ቡና የሚያበዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። እዚያ ያኔ ቡና የሚፈላው እንደኛው ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ኋላ የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥፋተኛው ዘይቱ መሆኑን ለዩ። በቀን በ10 ሚሊ ግራም ካፌስቶል ኮሌስትሮል 5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ያህል ይወጣል። የሐረር ቡና አረቢካ ነው፤ አረቢካ ደግሞ ከሌላው ዝርያ ከሮቡስታ ይልቅ ብዙ ካፌስቶል አለው።

የኛ ሲኒ ትንሽ ናት፤ ቶናና በረካም ከአቦሉ ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ ስድስት ሲኒ ስድስት ትልቅ ኩባያ አይደለም። ግን ስድስቱም አቦል ከሆኑ፣ በየቀኑ ከሆነ፣ ለዓመታት ከሆነ ይቆጠራል። ጀበናውን ዘንበል አድርጎ ማስረጋት አተላውን ያስቀራል እንጂ ዘይቱን አያስቀርም። ጀበናው አፍ ላይ የሚወተፈው ጭራና የሽቦ ወንፊትም እንደዚያው ናቸው። የሚይዘው የወረቀት ማጥለያ ነው፤ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከጀበናው በወረቀት ላይ ወደ ፔርሙስ መገልበጥ ነው። ወረቀት ካልተገኘ ወፍራም ንጹሕ ጨርቅም ብዙውን ይይዛል። ካፌይን የወጣለት ቡና ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ችግሩ ካፌይኑ አይደለምና። ቁቲ (የቡና ቅጠል ሻይ) የሚጠጣ ሰው ይህን ወደ ቅጠሉ አያዛውረው፤ የተለካው የፍሬው ዘይት ነው። እዚያ ላይ መታየት ያለበት የሚጨመረው ወተት ብዛት ነው።

ስለ ምርመራው፦ ሙከራው ከተጀመረ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም፤ እዚያው ላቦራቶሪ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል በባዶ ሆድ ተቆይቶ። ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ስላለ ባዶ ሆድ መሆኑ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ይዞት ከነበረ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ ሕመም ኤልዲኤልን በሐሰት ያወርደዋል። የመጀመሪያው ምርመራ ለፋሲካ ሰሞን ሥጋና ቅቤ ሲበላ ተሠርቶ ሁለተኛው በዐቢይ ጾም መሃል ከተሠራ ልዩነቱ የጾሙ ይሆናል እንጂ የተልባው አይሆንም። ሌላም አለ፦ ምንም ሳይቀየር እንኳ የአንድ ሰው ኤልዲኤል ከሳምንት ሳምንት 8 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። 170 የነበረው 160 ቢሆን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

ከዚሁ ጋር የታይሮይድ (ቲኤስኤች)፣ የስኳር፣ የጉበትና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ይሠራ። ታይሮይዱ ደክሞ ኮሌስትሮሉ የወጣበት ሰው ገብስ ቢበላ ገብስ ብቻ ነው የሚበላው።

መልስ፦ ምግብ ሳይንስ

ዘይቱን እኔ ልውሰደው። የረጋው ዘይት ፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ጄሪካኑ ላይ "ኮሌስትሮል የለውም" ተብሎ ሲጻፍ ውሸት አይደለም፤ የዕፅዋት ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ሊባል ይችላል። ነገር ግን ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እንዳይስብ የሚያደርገው ያ የሚረጋው ቅባት ስለሆነ ጽሑፉ ለገዢው ምንም አይነግረውም። በሱፍ፣ በኑግ ወይም በሰሊጥ ዘይት መተካት ከዚህ ውይይት ውስጥ ከአብዛኛው ዕፅ የበለጠ ይሠራል። መተካት ማለቴን ልብ በሉልኝ። በረጋው ላይ የኑግ ዘይት መጨመር ቅባት መጨመር ነው። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሳምቡሳ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ለወጥ አይመለስ።

ሰሊጥ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ውስጥ ፋይቶስቴሮል አለ። ቅርጹ ኮሌስትሮልን ይመስላል፤ አንጀት ውስጥ ቦታውን ይሻማውና ኮሌስትሮሉ ሳይመጠጥ ያልፋል። በቀን 2 ግራም ሲሆን ኤልዲኤልን ከ8 እስከ 10 በመቶ ያወርዳል፤ ከ3 ግራም በላይ መውሰድ ተጨማሪ ጥቅም የለውም። እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ከተለመደ ምግብ የሚገኘው በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ነው። 2 ግራም የሚደረሰው በተለይ በተጨመረበት ምግብ ወይም በእንክብል እንጂ በሰሊጥ አይደለም። ስለዚህ ኦቾሎኒ የሚበላው ለስቴሮሉ ብቻ ሳይሆን ለማይረጋው ቅባቱና ብስኩትና ጥብስ ስለሚተካ ነው። አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም፣ ጨው ሳይጨመርበት።

የባቢሌ ኦቾሎኒ ስማችን ነው፤ ግን አፍላቶክሲንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሳይደርቅ የተከማቸ ወይም ልጡ የተሰነጠቀ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ይሠራዋል፤ ጉበትን ይመርዛል፤ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ልጡ ያልተፈለፈለውን ግዙ፤ ስትፈለፍሉ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የያዘውን፣ የመረረውን አውጥታችሁ ጣሉ። የተፈጨ ኦቾሎኒ ውስጥ ምን እንደገባ በዓይን አይለይም።

ፉልም አይረሳ። በቀን 130 ግራም የበሰለ ጥራጥሬ፣ ባቄላም ሆነ ምስር ወይም ሽምብራ፣ ኤልዲኤልን 5 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ያ ማለት አንድ መካከለኛ ሳህን ፉል ነው። ላዩ ላይ የሚፈሰው ቅቤ ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ተመለስን፤ በሰሊጥ ዘይት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ይበላ።

ጥያቄ፦ ከቀፊራ

እግዜር ይስጥልን። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ሽፈራውና ከርከዴው አልተነሱም። ጫቱስ? እሱም ቅጠል ነው እያለ ይከራከራል። ሁሉንም ቢያደርግ ክኒኑ ይቀርለታል?

መልስ፦ ፋርማሲ ከዚራ

ነጭ ሽንኩርት፦ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ የወጣ ጥናት 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትሏል፤ ጥሬውንም፣ ሁለት ዓይነት እንክብሉንም ሞክሯል፤ ኤልዲኤል አልተንቀሳቀሰም። ሌሎች ጥናቶች ትንሽ ቅናሽ አሳይተዋል። ወጥ ውስጥ ይግባ፣ መድኃኒት ተብሎ ግን አይቆጠር። በማር መውሰዱ የሚጨምረው ስኳር ነው። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው በብዛት ጥሬውን ከበላ ደም መፍሰስ ሊያስቸግረው ይችላል፤ ጥርስ ከማስነቀል ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት ሳምንት ያቁመው።

ጥቁር አዝሙድ፣ ሐረር ላይ ሐበተ ሶውዳ የሚባለው፣ በቀን 1 እና 2 ግራም ዱቄት በተሰጠባቸው አጫጭር ጥናቶች መጠነኛ ቅናሽ ታይቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ ይህን መሞከር አይከፋም። ዘይቱን በማንኪያ መጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ውጤትን ሊያጠነክር ይችላል። የሽፈራው ዱቄት በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ለአትክልትነቱ ይበላ።

ከርከዴ ለኮሌስትሮል አያሳምንም፤ ለግፊት ግን ዋጋ አለው። ቀን ቀን ሦስት ኩባያ ለስድስት ሳምንት የጠጡ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 7 ያህል ወርዷል። 138 ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነው፤ ያለ ስኳር ከሆነ።

ጫት ቅጠል መሆኑ እውነት ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ግን ቅርጹም ሥራውም አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚመሳሰል ነው፦ ግፊትን ይጨምራል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የልብን ደም ሥር ሊያኮማትር ይችላል። የመን ውስጥ የተደረገ ጥናት የሚቅሙ ሰዎች ሃርት አታክ የሚያገኛቸው በበለጠ መሆኑን፣ አብዝተው የሚቅሙት ላይም እንደሚከፋ አሳይቷል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ለ180ው ትራይግሊሰራይድ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግፊቱን አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ደግሞ ቅዳሜ ከቃመ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ፤ ክርክሩን ቁጥሩ ይጨርሰዋል። እየቃመ ደረቱን ከጨነቀው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀው "ያልፋል" ሳይባል ድል ጮራ ወይም ሐረር ከሆነ ሕይወት ፋና ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ክኒኑ ይቀር እንደሆነ፦ ገብሱ 5፣ ጥራጥሬው 5፣ ዘይቱን መለወጥና ቡናውን ማጣራት የየራሳቸው ተጨምሮ፣ ሁሉም በየቀኑ ከተደረገ 170 ወደ 145 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ካናዳ ውስጥ ዝልግልግ አሰር፣ ፋይቶስቴሮል፣ አኩሪ አተርና ለውዝ (አልሞንድ) አንድ ላይ ተደርገው፣ ምግቡ ተዘጋጅቶ ሲሰጥ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሎቫስታቲን (ሌላ የስታቲን ክኒን) ጋር የሚቀራረብ ቅናሽ ተገኝቶ ነበር፤ 28.6 ለ30.9 በመቶ። ሰዎቹ ራሳቸው እየገዙ፣ ራሳቸው እያበሰሉ ሲሞከር ግን ቅናሹ ወደ 13 በመቶ ገደማ ወረደ። አቶርቫስታቲን 20 ብቻውን 40 በመቶ ያህል ያወርዳል። ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም በወረደ ቁጥር ሃርት አታክና ስትሮክ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩ ሐኪሙ ካስቀመጠው በላይ ሆኖ ከቀረ ክኒኑ በበሶው ላይ ይደረብ። ስታቲን ከጀመረ ግሬፕፍሩት ይተው፤ አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን ደም ውስጥ እንዲከማቹ ያደርጋል። ብርቱካንና መንደሪን ችግር የለባቸውም። ጡንቻው ካለ ምክንያት ከታመመና ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ በዚያው ቀን ይታይ።

ጥያቄ፦ ከቀፊራ

አንድ የመጨረሻ። ረመዳን ከገባ በሶውና ክኒኑ በየትኛው ሰዓት ይሁኑ?

መልስ፦ ፋርማሲ ከዚራ

ግማሹ በሶ ለኢፍጣር፣ ከቴምርና ከውሃው በኋላ፣ ከሳምቡሳው በፊት፤ ግማሹ ለሱሁር፣ ከሁለት ብርጭቆ ውሃ ጋር። ያለ ውሃ ሱሁር ላይ ተልባና በሶ ከተበላ ቀኑን ሙሉ ሆድ ያደርቃል። አቶርቫስታቲን በየትኛውም ሰዓት ይሠራል፤ ከተራዊህ በኋላ፣ ከበሶው ሁለት ሰዓት ርቆ ይዋጥ። ሲምቫስታቲን ቢታዘዝለት እሱ የማታ ክኒን ነው፤ ወደ ሱሁር አይገፋ።